የእግር እቁብ

ነገሩን ከደረጃው እንጀምርላችሁ። እኛ (ጸሐፊዋን ማለታችን ነው) ቅዳሜና እሑድ እናቶችን በምናስተምርበት መድረሳ የሴቶቹ ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው 22 ነው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንዲት እናታችን ይህን ደረጃ ሲወጡ ሦስት ጊዜ ይቆማሉ። ሁለት ጊዜ መሀል ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጫፉ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ዓይናቸውን ጨፍነው። እኛም «ደረሱ፣ አልሐምዱሊላህ» እያልን በፈገግታ እናልፋቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን እጃችንን ያዝ አድርገው፣ «ኡስታዛ፣ ውጭ ያሉት ልጆቼ ለመጪው ዓመት ዑምራ ሊወስዱኝ ነው። ይህን ደረጃ መውጣት ያቃተኝ ሴት ሶፋና መርዋን እንዴት ልሄድ ነው?» አሉን።

«በጋሪ የሚገፉ ሰዎች አሉ እኮ። አይጨነቁ» አልናቸው።

«አውቃለሁ። እሱ ለታመመ ነው። እኔ ወፍሬ ነው እንጂ አልታመምኩም።»

መልስ አጣን። በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው መንገድ ሰባት ጊዜ ሲኬድ በጠቅላላው ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በካዕባ ዙሪያ የሚደረገው ጠዋፍ ሳይቆጠር ማለት ነው። መጀመሪያ የሄደችበትም ለልጇ ውሃ ፍለጋ የምትሯሯጥ ሴት ናት። ይህን ሁሉ እኛው ነን ፎቅ ላይ ያስተማርናቸው።

እኛ በልጅነታችን ጠዋት ሎሕ ይዘን ከሸኽ ፊት፣ ከሰዓት ደብተር ይዘን ከቲቸር ፊት ያደግን ነን። አሁን በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ እንገኛለን፤ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በከሰዓቱ ፈረቃ ባዮሎጂ እናስተምራለን። ስለ ልብና ሳምባ ስንት ሥዕል በጠመኔ ሥለናል! ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር እየወሰደ እንደሚያቃጥል በፈተና ጠይቀናል። ዕውቀቱ ግን ከሰሌዳ ወርዶ ከእናቶቻችን እግር አልደረሰም። እውነቱን እንናገር ካልን ከእኛም እግር አልደረሰም፤ ሁለተኛ ልጃችንን ከወለድን ወዲህ ሃያ ሁለተኛው ደረጃ ላይ እናለከልክ ነበር፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጂ።

እንደሚታወቀው በከተማችን የሴት ውፍረት የሚታየው እንደ ሲሳይ ነው። ተለያይተው የከረሙ ሁለት ሴቶች ሲገናኙ «ወፈርሽ! ተመችቶሻል» መባባል ምርቃት ነው። ከሳ ያለች እንደሆነ ግን «ምነው? አሞሻል እንዴ? ቤትሽ ሰላም ነው?» ትባላለች። ክሳት ሲታይ ክፉ በሽታ በሚጠረጠርበት ዘመን ያለፉ እናቶች እንዲህ ቢሉ አይፈረድባቸውም። በዚያ ላይ «ቀኑን ሙሉ ጉድ ጉድ ስንል እንውል የለም ወይ?» የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ ግማሽ እውነት ነው። የእነሱ እናቶች ውሃ በእንሥራ ከምንጭ የቀዱ፣ እህል በድንጋይ ወፍጮ የፈጩ፣ ገበያ በእግር ደርሰው የተመለሱ ናቸው። የዛሬው ጉድ ጉድ ግን ከምድጃ እስከ ሳሎን ነው። ወገብ ያደክማል እንጂ ትንፋሽ አያፋጥንም። ከበር ሲወጡ ደግሞ ባጃጅ አለ። ዘይቱና ስኳሩ ግን አልቀነሰም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከመቶ 8ቱ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ የከተማው ቁጥር ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ እንዳደረገው ደግሞ በ2022 ከዓለም ሴቶች ከመቶ 34ቱ፣ ከወንዶች ከመቶ 29ኙ በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም ነበር። በቂ የሚባለው ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም የዚህ አቻ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን መሆኑ ነው። የሯጮች አገር ነን እንላለን፤ ሩጫውን ግን ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ወርቅ ካመጣችልን ጀምሮ ለእሷና ለእህቶቿ ትተን ቁጭ ብለን የምናይ ነን።

እንግዲህ ተነሣን። የመድረሳው ግቢ በግንብ የታጠረ ነው፤ በሥራ ቀን ጠዋት ወንድ አይኖርበትም። ዙሪያውን በሜትር ለካነው፤ 100 ሜትር ሆነ። ልጆች ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሳምንት አራት ቀን ለመሄድ 23 እናቶችና እህቶች ተመዘገቡ። ብዙዎቹ የመጡት በነጠላ ጫማ ነበር። ሸራ ጫማ ያደረገች እንደ ሙሽራ ትታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አስተማሪነታችን ነገሩን አበላሸው። ዕድሜያችንን በሙሉ በተማሪ ካርድ ላይ ደረጃ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነንና ያለ ደረጃ የሚሠራ ነገር ያለ አልመሰለንም። የመንገድ ልጆች ይዘውት የሚዞሩትን ዓይነት ሚዛን ገዛን። በየሳምንቱ እየመዘንን የእያንዳንዷን ኪሎና የሄደችውን ዙር ሰሌዳ ላይ ጻፍን፤ ከ1ኛ እስከ 23ኛ። ለማበረታታት ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ሳቅና ጨዋታ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት 15 ቀሩ። በስድስተኛው ሳምንት ዘጠኝ። ከዘጠኙም አብዛኞቹ ወጣትና ቀጫጭን ነበሩ። መጀመሪያውኑ ያንን ዙር ያልቸገራቸው ማለት ነው። ይባስ ብሎ የደረጃዋ እናታችን ከእርምጃው ብቻ ሳይሆን ከቁርኣን ትምህርቱም ቀሩ።

ቤታቸው ሄድን። በደስታ ተቀበሉን፤ ቡና አፈሉ፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ኑሮው ተጨዋወትን። ስለ ጉዳዩ ግን ዝም። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ነው የተናገሩት።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት እናንተው ዘንድ ነው፤ ባለፈው ዓመት። ስሜን ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያነበብኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከጎኑ 23ኛ ይላል። ኪሎዬም አለ። ባላነብ ይሻለኝ ነበር።»

«አውፍ ይበሉን» ከማለት በቀር ምን እንላለን? ሰሌዳውን ከጠረግነው ወር አልፎታል። እሳቸው ዘንድ ግን አልተጠረገም።

ወደ ቤት ስንመለስ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው አንድ ሐዲስ ትዝ አለን። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ራሳቸው የተረኩት፣ አቡ ዳውድና ሌሎችም የዘገቡት ነው። በአንድ ጉዞ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእሳቸው ጋር ተሽቀዳደሙ። ያኔ ዓኢሻ ቀደሙ። ጊዜ አልፎ ዓኢሻ ሥጋ ከለበሱ በኋላ ዳግመኛ ተሽቀዳደሙ፤ በዚህኛው ነቢዩ ቀደሙና የዛሬው የያኔው ማካካሻ መሆኑን ነገሯቸው። በአንዳንዱ ዘገባ ላይ ደግሞ አብረው ይጓዙ የነበሩት ሰዎች አስቀድመው ወደፊት እንዲያልፉ ታዘው ነበር። ይህን ታሪክ ሁልጊዜ የምናስተምረው የባልና ሚስት መዋደድ ምሳሌ አድርገን ነው። በዚያን ቀን ግን ሌላ ነገር ታየን። ሥጋ ከለበሱም በኋላ ለሽቅድምድሙ ተጠሩ። «አሁንማ ከብደሽ» ብሎ ያስቀራቸው የለም። ማን እንደ ቀደመ የሚያውቁትም ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሰዉ አልፏል። እኛ ግን ሰዉን ሰብስበን በጠመኔ ጻፍን!

ከዚያ በኋላ መጻሕፍትም አገላበጥን። ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክስ ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት ሰዎች ገመድ አብረው ሲጎትቱ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት እንደሚቀንስ አሳይቷል። የማን ድርሻ እንደሆነ በማይለይበት ሕዝብ መሀል ሰው ይለግማል። ቢቀርም የሚያጣው የለም። በ1920ዎቹ ደግሞ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦቶ ኮኽለር በበርሊን ቀዛፊዎች ላይ የዚህን ተቃራኒ አገኘ። ሁለት ሰዎች አንድ ክብደት አብረው ሲያነሡ፣ አንዱ ሲያቆም ሥራው በሙሉ የሚያበቃ ከሆነ፣ ደካማው ብቻውን ከሚችለው በላይ ይጸናል። ይህም የጉልበታቸው ልዩነት መጠነኛ ሲሆን ነው፤ እጅግ ከተራራቁ ደካማው ተስፋ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሴቶች ላይ ሞከሩት። በቆመ ብስክሌት ላይ፣ በቪዲዮ ከምትታይ ጓደኛ ጋር ተጣምረው ውጤታቸው ቀድማ ባቆመችው የተለካ ሴቶች ብቻቸውን ከጋለቡት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ ጸንተው ተገኙ። (ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ እንጂ እንደ እኛ እናቶች ጉልበታቸውን የሚያማቸው አልነበሩም፤ ይህን መደበቅ አይገባም።)

የእኛ ሰልፍ የሪንገልማን ገመድ ሆኖ ነበር። 23 ሰው ሲዞር አንዷ ብትቀር ማን ያውቃል? የቀረችበትንስ ቤት ማን ያንኳኳል?

መፍትሔውን ያገኘነው ግን ከመጽሐፍ አይደለም። ከመካከላችን መርካቶ ጨርቅ የምትነግድ፣ የሴቶች እቁብ ዳኛ የሆነች እህት አለች። ነገሩን ስናዋያት ሳቀችብን። «ኡስታዛ፣ እቁብ የምንጥለው ገንዘብ ስለተረፈን ይመስልሻል? ብቻዬን ብሆን በሳምንት መቶ ብር አላስቀምጥም። የማስቀምጠው ሰዎቹ ስለሚጠብቁኝ ነው። እግራችሁንም እንደዚያ አድርጉት» አለችን።

እንደዚያው አደረግነው። ሚዛኑን ሸጥነው። እርምጃቸው የሚመጣጠኑትን አራት አራት አድርገን በቡድን አደራጀን፤ የሠፈራቸው መቀራረብም ታይቷል። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ተሰጠው። ግማሽ ሰዓቷን የሄደች አንድ ባቄላ ታስቀምጣለች። ስንት ዙር እንደሄደች የሚጠይቃት የለም። ቀኑ ለቡድኑ የሚቆጠረው አራቱም ባቄላ ሲገባ ብቻ ነው። የምትዘገየዋ ከፊት ትሄዳለች፤ ሌሎቹ በእሷ ልክ ይከተላሉ። በሶላት ኢማሙ ከኋላው ያሉትን ደካሞች እንዲያስብ ታዞ የለ? ዳኛዋ አንድ ሕግ ጨመረች፤ ከሁሉ የጠቀመንም እሱ ነው። አንዷ ዑዝር ኖሯት ከቀረች ሦስቱ በእግራቸው ቤቷ ድረስ ሄደው ይጠይቋታል፤ ያ መንገድ እንደ እርምጃ ይቆጠራል፤ የእሷም ባቄላ ይገባላታል። ዕዳ እንዳይሆንባት ነው። ሳምንቱን የሞሉት ቡድኖች እሑድ ዕጣ ይጣልላቸዋል፤ ዕጣ የወጣላቸውን ሌሎቻችን ቡና እናፈላላቸዋለን። (የቡናው ስኳር እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። እኛ ግማሽ ማንኪያ ይበቃል ባይ ነን፤ ተሸናፊም ነን።)

በዚህ መልክ የደረጃዋን እናታችንን ለማምጣት እኛ አልሄድንም፤ ማፈራችን ነው። የሄዱት በቡድን የደረሷቸው ሦስት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። በር አንኳክተው፣ «እትዬ፣ ያለ እርስዎ የእኛም አይቆጠርም» አሏቸው። ከዚህ በፊት ሐኪም «ለጤናሽ ስትይ ተንቀሳቀሺ» ብሏቸዋል፤ ልጆቻቸው በስልክ ለምነዋቸዋል፤ እኛ በባዮሎጂ አስረድተናል። ለራሳቸው ሲባል አልወጡም። ለሦስቱ ሴቶች ሲባል ግን ጫማቸውን አደረጉ። እናት እንዲህ ናት፤ ለራሷ ጤና ከተባለች ነገ ትላለች፤ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ እየጠበቃት ከሆነ ግን መቀመጥ አትችልም።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አልነበረም። አንድ ቡድን በሐሜት ምክንያት ተጣልቶ ፈረሰ። የአንዲት እህት ባለቤት «ምን ጉድ ነው ሴት ጠዋት ጠዋት የምትወጣበት?» ብሎ ሁለት ሳምንት ከለከላት፤ የፈቀደላት ወደ ግቢው ራሱ መጥቶ አጥሩን አይቶ ነው። በክረምት ጭቃው አስቸግሮን በመድረሳው በረንዳ ላይ ወዲያ ወዲህ እያልን ከረምን። በረመዳን የጠዋቱን ትተን ወደ ተራዊሕ በእግር መሄድን ቆጠርነው።

አንድ ቀን ደግሞ ደነገጥን። የስኳር ሕመም ያለባት አንዲት እህታችን የሰኞን ሱንና ጾማ፣ ሱሑር ላይ ኪኒኗን ውጣ ነበር የመጣችው። ሦስተኛው ዙር ላይ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ላብ አጠመቃት፤ ንግግሯ ተምታታ። ያስተዋሉት የቡድኗ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ በ23ቱ ሰልፍ ጊዜ ቢሆን ማን ባየ ነበር? ቴምርና ጣፋጭ ሻይ ሰጥተናት ነፍስ ስትዘራ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ኢንሱሊንና አንዳንድ የስኳር ኪኒኖች ሰው ሳይበላ ሲንቀሳቀስ የደሙን ስኳር ከሚገባው በታች ያወርዱታል። ይህን እኛ ባዮሎጂ አስተማሪዋ አስቀድመን መናገር ነበረብን፤ ጾመሽ ነው ወይ ብለንም አልጠየቅንም። ከዚያ ወዲህ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባት ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምርም፤ ቴምር ከኪስ አይጠፋም፤ ደረቷን ያመማት ወዲያው ታቆማለች። የስኳር ሕመምተኛ እግሯ ላይ ቁስል ወጥቶባት ላይሰማት ስለሚችል ከእርምጃ በኋላ ጫማ አውልቆ እግርን ማየትም ልማድ ሆነ።

«ታዲያ ከሳችሁ ወይ?» ትሉን ይሆናል። ጥቂቶቻችን ትንሽ ቀንሰናል፤ ብዙዎቻችን አልቀነስንም። እርምጃ ብቻውን፣ ምግብ ካልተስተካከለ፣ ብዙ ኪሎ አያወርድም፤ ሚዛን ላይ የምትወጣ ሴት ቶሎ ተስፋ የምትቆርጠውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ኪሎው ባይነቃነቅም እንኳ የደም ግፊትና የደም ስኳር በእርምጃ ይሻላቸዋል፤ ልብና ጡንቻም ይበረታሉ። በእኛ ዘንድ የታየው እንዲህ ነው። ወንበር ላይ ትሰግድ የነበረች አንዲት እናት ወደ ምንጣፉ ተመልሳለች። ሌላዋ «እንቅልፌ ተመለሰ» ትላለች። እኛም ደረጃው ላይ ድምፃችንን ዝቅ ማድረጉን ትተናል።

የደረጃዋ እናታችን ጉዟቸው ሳምንት ሲቀረው «ፈትኑኝ» አሉ። ግቢው 100 ሜትር ነውና 3 ኪሎ ሜትር ማለት 30 ዙር ነው። ቡድናቸው ተከተለ፤ ትንሿ በተስቢሕ ትቆጥራለች። ሌሎቻችን ፎቁ ላይ ሆነን ወደ ታች ላለማየት እየታገልን ቁርኣን እንቀራለን፤ ማን አንገቱን እንዳሰገገ ግን አላህ ያውቃል። 19ኛው ላይ በርጩማ ላይ ዐረፉ፤ ውሃ ጠጡ። በሰዕይም ቢሆን ለደከመው ማረፍ ይቻላል። ከዚያም ተነሥተው 30ውን ጨረሱ።

ከመካ የደወሉልን በዚያው ወር ነው። ሰላምታው ገና ሳያልቅ፣ «ቡድኔን አቅርቢልኝ» አሉ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን ለሦስቱ ሰጠናቸው።

«በእግሬ ነው የጨረስኩት። አምስተኛው ላይ ዘምዘም ጠጥቼ ትንሽ ዐረፍኩ። ልጄ ጋሪ እናምጣ ቢለኝ ተቆጣሁት» አሉ። ቀጥለውም፣ «ባቄላዬን ታስቀምጡልኛላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ሦስቱም በአንድ ድምፅ አዎን አሉ። ከዚያ ግን ክርክር ተነሣ። ጠዋፉና ሰዕዩ ከግማሽ ሰዓት በላይ የወሰዱ ናቸውና ሦስት ባቄላ ሊገባላቸው ይገባል ያሉ አሉ፤ ሌላ ቡድን ይህ አድልዎ ነው ብሎ ተቃወመ። ጉዳዩ ወደ ዳኛዋ ሄደ። እሷም ጉዳዩን አሰላስላ፣ ሁለት ብላ ፈረደች።